የአቶ ስማቸው ቁም ሣጥን

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

በዚህ ንጹሕ ወረቀት ፊት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አእምሮዬም ሙሉ ሆኖ እናዘዛለሁ፦ ለጽጌ ማኅበር የተጋገረውን ድፎ ዳቦ ጠርዝ ጠርዙን ዞሬ የበላሁት እኔ ነኝ። እማዬ «አይጥ ነው» አለች። እኔም «አይጥ ነው» አልሁ። በዚህ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር፤ «አየኋት እኮ፣ ወፍራም ናት» ብዬ ጨመርሁበት። አባባ ዳቦውን እያገላበጡ «ይች አይጥ በቢላዋ ነው የምትበላው?» አሉ። አይጧ የንስሐ አባት የላትም፤ ስለዚህ ለእሷም ጭምር ተናዝዣለሁ።

ስለ ቤታችን በአጭሩ። የምንኖረው ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነው። አባባ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ናቸው። በዘመነ ጽጌ ቅዳሜ ማታ ለማኅሌት ይሄዱና እሑድ ረፋድ ይመለሳሉ፤ ከዚያ እስከ ስምንት ሰዓት በቤታችን ማንኪያ መጣል ክልክል ነው። እማዬ እንኳየሁ ትባላለች። እኔ መቅደላዊት ነኝ፣ ዐሥረኛ ክፍል፤ ቤትም ትምህርት ቤትም «ይች ምላሳም» የምባል። አንድ ወንድም አለኝ፣ ፍቅረ ማርያም። ስሙ ቤት ውስጥ አይነሣም። እዚሁ አባባ ዘንድ አቋቋም ሲማር ቆይቶ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት መቋሚያውን ግድግዳ አስደግፎ «እኔ ማኪና ነው የምወድ» አለና የአይሱዙ ረዳት ሆኖ በሊማሊሞ በኩል ዛሪማ ወረደ። አባባም «እንግዲህ ያለችኝ ይች ልጅ ብቻ ናት» አሉ። ያለቻቸው እኔ መሆኔን ሲያስቡት ግን ትንሽ የደነገጡ መሰለኝ።

ሲሄድ ስልኩን ለእኔ ተወልኝ። እሑድ ከሰዓት ከሾፌሩ፣ ከባለ ሱቁ፣ ብቻ ካገኘው ሰው ስልክ ለምኖ ይደውላል። እማዬና እኔ ጓዳ ገብተን ላውድ አድርገን እንሰማዋለን። አባባ አያውቁም። ደግነቱ በዚያ ሰዓት አባባ ጫማ ይጠርጋሉ። ከጓዳው መስኮት ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንዱን ጫማ ግማሽ ሰዓት ይፈትጉታል። በጎንደር ካህናት መካከል እንዲህ የሚያብለጨልጭ ጫማ ያለው የለም።

ስልኩን ቤት ትቼው አልሄድም፤ አባባ ያገኙታል። ትምህርት ቤት ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ካልሲ ውስጥ፣ የሒሳብ መጽሐፍ ሥር ይኖራል። የሒሳብ መጽሐፌን ማንም አይከፍተውም፤ እኔም ጭምር።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ተያዝሁ።

ምክትል ርእሰ መምህራችን አቶ ስማቸው ናቸው። ሃያ ምናምን ቁልፍ ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ስለሚሄዱ ከመድረሳቸው በፊት ድምፃቸው ይደርሳል። ባለፈው ሳምንት በሰልፍ ሰዓት ሲጮሁ ቀዳኋቸውና የስልኬ መጥሪያ አደረግኋቸው። ጓደኛዬ ጸሎት በሳቅ ሞተች። እኔም ጸሎት ስለሳቀች ደስ አለኝ። ጥፋቴ ሁሉ ይኸው ነው፤ ሰው ሲስቅልኝ አላስችል ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ መዝሙር አልቆ፣ ዝም ባልንበት ሰዓት ከቦርሳዬ ውስጥ «ሰልፍ ጠብቁ! አንተ ረጅሙ! ሰልፍ ጠብቁ!»

መጀመሪያ ተማሪው ሁሉ ሰልፉን አስተካከለ። ራሳቸው አቶ ስማቸው እንኳ ማን እንደ ተናገረ ዞር ብለው ፈለጉ። ረጅሙ አለነ «እኔ ምን አደረግሁ?» አለ። ከዚያ ሁለተኛ ጮኸ፤ ትምህርት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ቦርሳዬን ራሳቸው ከፈቱት። ስልኩ እጃቸው ላይ ሆኖ እየጮኸ ነው።

«ቲቸር፣ አንዴ ላንሣውና መልሼ ልስጥዎት።»

«በእኔ ድምፅ ትቀልጃለሽ?»

«ቲቸር፣ ሰው እየደወለ ነው!»

«ይደውል!» ብለው አጠፉት።

ቁጥሩን ላየው ስንጠራራ አላየሁትም። ዛሬ ሰኞ ነው። ፍቅረ ማርያም የሚደውለው እሑድ ነው። ትናንት ደውሎ ስንሳሳቅ ነበር። ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት ምን ብሎ ይደውላል? ሌላ ሰው ይሆናል። የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል።

ጥቅምት 4

እማዬን «ስልኩ ተበላሽቶ ሠሪ ጋ ነው» አልኋት። «ምኑ?» አለች። «ድምፁ» አልሁ። ውሸት ሲቸኩል እንዲህ እውነት እውነት ይሸታል።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ቢሮ ተጠርቼ ቁም ሣጥኑን አየሁት። ግራጫ የብረት ቁም ሣጥን ነው፣ ሲከፈት ያቃስታል። ውስጡ ሦስት ኳስ፣ አንድ ዋሽንት፣ መስታወት፣ የከንፈር ቅባት፣ የስልክ ማዳመጫ ተጠላልፎ፣ ኮፍያ በኮፍያ ላይ። ስልኮቹ በወረቀት ተጠቅልለው ስም ተጽፎባቸዋል። የእኔው ላይ «መቅደላዊት ወ. ትዕቢት» ይላል። ለካ ትዕቢት የአያቴ ስም ኖሯል።

«ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

በዜግነት ትምህርት እጄን አወጣሁ። አስተማሪያችን ሐምዛ ይባላል፤ ደግ ነው፣ ግን ሲናገር በሩን ያያል።

«ቲቸር፣ ትምህርት ቤት ተማሪ አጠፋ ብሎ ዕቃውን መውረስ ይችላል?»

«የማንን ዕቃ?»

«የሆነች ልጅ።»

ክፍሉ አጉረመረመ። ቲቸር ሐምዛ በሩን አየና «ትምህርት እንዳይረበሽ መያዝ ይችላል። ግን ተቀብያለሁ ብሎ ይጽፋል፣ ለወላጅ ይመልሳል። መያዝ ሌላ፣ የራስ ማድረግ ሌላ» አለ።

«ወላጅ ካልመጣስ?»

«ቢሆንም የልጅቱ ንብረት ነው።»

«ታዲያ ይህን ለአቶ ስማቸው ይንገሩልና!»

«መቅደላዊት» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ራሴ ከዚያ ቁም ሣጥን የአምናውን ቻርጀሬን አላወጣሁም።»

እሺ፣ ስልክ ይዤ ገባሁ፣ አጠፋሁ። ደብተር ያስጽፉኝ፣ ሽንት ቤት ያስጠርጉኝ፣ በፀሐይ ያንበርክኩኝ። ደሞ ነገ ጫማዬ ሲጮህ ጫማዬን፣ ሳስል ጉሮሮዬን ወስደው በወረቀት ይጠቅልሉታ! ቅጣት ከሆነ መጨረሻው የት ነው? እሱን የሚነግረኝ የለም።

እማዬን ይዤ ብሄድ ይሰጡኝ ነበር። ግን እማዬ መጀመሪያ የምትጠይቀኝን አውቃለሁ። ስለዚህ አልነግራትም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ስምንት ሰዓት። እማዬ በልማዷ ጓዳ ገባች፣ ከዚያ ምን ልታደርግ እንደ ገባች የረሳች መስላ ወጣች።

አባባ በርጩማቸውን ከመስኮቱ ሥር አወጡ። ጫማቸውን ጠረጉ። ቆዩ። እንደገና ጠረጉ። በመጨረሻ «ምነው ቤቱ ዝም አለ?» ብለው ጮሁብን። ሰው ሲንጫጫም ይቆጣሉ፣ ዝም ሲልም ይቆጣሉ። መሪጌታ መሆን ከባድ ሥራ ነው።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ብልሃት መጣልኝ፤ በዚያው ቁጥር ሌላ ሲም ላወጣ ቴሌ ሄድሁ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ቁጥሩን ነካክታ «ሲሙ በፍቅረ ማርያም ስም ነው። ባለቤቱ መታወቂያ ይዞ ራሱ ይምጣ» አለችኝ።

«ባለቤቱን የማገኘው በዚህ ሲም ነው።»

«ደውዪና ጥሪው» አለች።

አመስግኜ ወጣሁ። ምን ይባላል?

የደወለባቸው ቁጥሮች ሁሉ ስልኩ ውስጥ ናቸው። አንዱን እንኳ በቃሌ አልያዝሁም። የክፍሉን ልጆች ቅጽል ስም፣ የአቶ ስማቸውን አሥራ ሁለት አረማመድ በቃሌ አውቃለሁ። የወንድሜን አንድ ቁጥር አላውቅም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። «በሥነ ምግባር ጉድለት የተያዙ ዕቃዎች ኅዳር 8 ሰኞ በወላጆች ቀን በጨረታ ይሸጣሉ። ገቢው ለመማሪያ ክፍል በር ማሠሪያ ይውላል።»

በር! የወንድሜን ድምፅ ሸጠው በር ሊገጥሙበት!

ጸሎት «አባትሽን ንገሪያቸው» አለችኝ። ቀላል አስመሰለችው። አባባ ሲመጡ «የማን ስልክ ነው?» ይባላሉ። ከዚያ እሑድ እሑድ ምን እንደምንሠራ ይታወቃል። ከዚያ እማዬም እኔም ፍቅረ ማርያምም አለቀልን።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ዘመድ አገኘሁ!

አያ ክንዱ ይባላሉ። የመካነ ብርሃን ገበሬ ናቸው፤ ለዓይናቸው ሕክምና ጎንደር መጥተው፣ ለቁስቋም ስለት ስላላቸው እስከ ኅዳር ስድስት እዚሁ ደጀ ሰላም ሰንብተዋል። የሐኪም ቤት ቀጠሯቸውን የማነብላቸው እኔ ነኝ።

«አያ፣ የእናቴ ወንድም ነኝ ይበሉልኝ።»

«ምነው ልጄ! ውሸት አይደል?»

«በአዳም በኩልማ ዘመድ ነን።»

አሰቡት። «እሱስ ሸጋ ተናገርሽ። ምን አጥፍተሽ ነው?»

«አንድ ትልቅ ሰው አስቀየምሁ።»

«ባደባባይ?»

«ባደባባይ።»

«ሕዝብ እያየ? ተሳቀባቸው?»

«በጣም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህስ ከብዷል። ይህ ባዶ እጅ የሚኬድበት አይደለም» አሉ። ዳቦ ሊይዙ መስሎኝ «ምንም አያስፈልግም» አልኋቸው።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም።

አያ ክንዱ ድንጋይ ተሸክመው መጡ። አገራቸው ትልቅ በደል የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ ደም እንኳ የሚታረቀው እንዲህ ነው። «አስቀየምሁ፣ ባደባባይ» ስላቸው በእርሳቸው ሚዛን መዝነው፣ ለሚዛኑ የሚሆን ድንጋይ መርጠው፣ ከቁስቋም ጀምሮ ተሸክመውታል። ዓይናቸው ደኅና ሳያይ።

ዘበኛው የግንባታ ሠራተኛ መስለውት «አባት፣ ድንጋዩን ከዚያ ከአሸዋው ጎን ያራግፉ» አላቸው።

«ለሰውየው ነው ያመጣሁት» አሉት።

ቢሮው በር ላይ ተንበረከኩ። ዕረፍት ስለሆነ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተሰበሰበ። አቶ ስማቸው ሻይ ይዘው ወጥተው ደርቀው ቀሩ።

«ስለ ቁስቋም ማርያም! ልጅቱን ማሩልኝ!»

«አባቴ ይነሡ! እኔን! ሞባይል ነው እኮ!»

«ነፍስም ይሁን ሞባይል፣ ማርሁ ካላሉ አልነሣም።»

«ማርሁ! ማርሁ! ይነሡልኝ!» ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው። ቁልፎቻቸውን ሲነኩ አየሁ። አሁን ተከፈተ፣ አልሁ።

ከዚያ በትሕትና «ለመሆኑ ለልጅቱ ምኗ ነዎት?» አሏቸው።

አያ ክንዱ እኔን አዩኝ። ሰማይ አዩ። አሁን ምሕረት የተቀበለ ሰው እንዴት ይዋሻል? «በአዳም በኩል ዘመድ ነን» አሉ።

አቶ ስማቸው ወደ እኔ ዞሩ። ከመቆጣት ይልቅ ያዘኑ መሰሉ፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ስለ እኒህ አባት ስል ከትምህርት አላግድሽም። ዕቃው ግን መሪጌታ ራሳቸው ሲመጡ ነው» አሉ።

አያ ክንዱን እየደገፍሁ ወሰድኋቸው። ማጅራታቸው ተልጧል። «ሸጋ ሰው ናቸው፤ ማሩሽ እኮ» አሉኝ በደስታ። ስልኩ እንዳልተመለሰ አልነገርኋቸውም።

ጥቅምት 25

ዛሬ ማንንም አላስመሰልሁም። ጸሎት «አሞሻል?» አለችኝ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሰዎች፦

«ሊማሊሞ ላይ አይሱዙ ገደል ገባ አሉ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ። ሾፌሩ ዘሎ ወጣ። ረዳቱ ግን...» ብሎ «እዚህ ጋ ወራጅ አለ!» አለና ወረዱ።

ባጃጁን አስቁሜ ሮጥሁ። ገበያው ውስጥ ጠፉ።

በዚያ መንገድ ሺህ አይሱዙ አለ። ሺህ ረዳት አለ። ሺህ ከአንድ ሲቀነስ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ፤ ሒሳብ አልችልም ያለ ማነው?

አባባ ዛሬ ጫማ አልጠረጉም። በርጩማው ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ከጽጌው ጾም ይሆናል፤ ከስተዋል።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ነገርኋት። እማዬ ስለ አይሱዙው ከጎረቤት ሰምታ መጥታ «ያን ስልክ ዛሬውኑ ከሠሪው አምጪ፣ ባይጮህም አምጪው» ስትለኝ አልቻልሁም።

አልጮኸችም። የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ሲወስዱት ደውሎ ነበር?»

«ማን እንደሆነ አላየሁም።»

«ስንት ጊዜ ጮኸ?»

«ሁለቴ። ሦስቴ።»

ሰፌዱን አንሥታ ማንገዋለል ጀመረች። ሰፌዱ ላይ ምንም አልነበረም።

ብትመታኝ ምናለ። በአንድ ቀልድ። ጸሎት እንድትስቅልኝ ብዬ።

ኅዳር 4

እማዬ ትምህርት ቤት ሄዳ ነበር። «አቶ ስማቸው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ናቸው፣ ሰኞ ይምጡ» ተባለች። ሰኞ ጨረታው ነው። ስትመለስ አያ ክንዱ አግኝተዋት ብዙ አወሩ። ምን እንዳወሩ አልነገረችኝም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ስድስት ተኩል ይሆናል

ነገ በዓል ነው፤ ትምህርት ቤቱ በጊዜ ተለቀቀ። አቶ ስማቸው ቢሮ ውስጥ ነኝ። እርሳቸው ሳያውቁ።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ምሳ ሲሄዱ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ይጥሉታል ብዬ ነበር። ይዘውት ሄደዋል! በር ሳይቆልፉ ቁልፍ ይዞ የሚሄድ ሰው! ልወጣ ስል ኮሪደሩ ላይ ቁልፎቹ ሲንሿሹ ሰማሁ። አሁን ከመጋረጃው ኋላ፣ በአሮጌ መጻሕፍት ክምር ላይ ነኝ። የምጽፈው እጄ ሥራ ካልያዘ አፌ ስለሚናገር ነው።

ገቡ። ሌላ ሰው አብሯቸው አለ።

አባባ ናቸው።

«የኔታ፣ ይቀመጡ። እርስዎ እዚህ ድረስ መምጣት...»

«ቆሜ ይሻለኛል። አያ ክንዱ የሚባሉ ሰው ሁሉን ነገሩኝ። የእኔን ድንጋይ ሰው ተሸከመልኝ።»

«ልጅቱ የኔታ፣ ምላሷ...»

«ምላሷንማ ታውቀዋለህ፣ የእኔው ነው። እሷን ቅጣት። ስማቸው ልጄ፣ ደኅና አድርገህ ቅጣት፤ አልከራከርህም። ግን ይህ ስልክ የእሷ አይደለም። የልጄ ነው።»

«የየትኛው ልጅዎ?»

«የፍቅረ ማርያም።»

አባባ ስሙን ጠሩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልወጣውን ስም እንዲህ በቀላሉ።

«አጥፊዋ እሷ ናት። ደዋዩ ምን አጠፋ? እናቱስ ምን አጠፋች?»

የአቶ ስማቸው ቁልፎች ተንሿሹ። ቁም ሣጥኑ አቃሰተ። ወረቀት ሲቀደድ ሰማሁ። «እኔው ነኝ ያጠፋሁት፣ ባትሪ ይኖረዋል» ይላሉ።

በራ። ድምፁ ተሰማ።

ቲንግ። ቲንግ። ቲንግ። መልእክት እየገባ ነው። ቆጠርሁ፤ ዘጠነኛው ላይ ሳትሁ።

«አንብብልኝ፣ መነጽሬን አልያዝሁም።»

«የመጀመሪያው የጥቅምት ሦስት ነው። "መቅዲ ለቁስቋም በዓል ልምጣ? አባባን ጠይቂልኝ። ደፍሬ የጠየቅሁት ዛሬ ነው። መልሱን እጠብቃለሁ" ይላል።»

ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ አባባ ተቀመጡ።

«ሌላውስ?»

«"መቅዲ ምነው ዘጋሽው? ተቆጡ?" ይላል። ይህ ደግሞ... "እሺ ገባኝ።"» የአቶ ስማቸው ድምፅ ወረደ። ሰልፍ ጠብቁ የሚለው ድምፅ አይመስልም። «የመጨረሻው የትናንት ነው። "አልመጣም። ማኪናችን ተበላሽታ ዓዲ አርቃይ ነን። ደኅና ነኝ በያት እማዬን። አባባንም።"»

የትናንት። ትናንት ደኅና ነው። ትናንት! የሊማሊሞው ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው!

«ደውልለት» አሉ አባባ።

«የኔታ፣ ቁጥሩ ብዙ ነው። ሁሉም የተለያየ ነው። የትኛው እንደሚያነሣ...»

«ከዓዲ አርቃይ ጎንደር በስንት ሰዓት ይደረሳል?»

«መንገዱ ደኅና ከሆነ አሁን የተነሣ ማታ ይገባል።»

«እንግዲያ ሁሉም ላይ ደውል። ከላይ ጀምረህ። "አባትህ ና ብሎሃል" በለው።»

አቧራ ነው። እነዚህ መጻሕፍት በአቧራ ተሸፍነዋል፣ ዓይኔንም አፍንጫዬንም ሞልቶት ነው፤ አፌን በክንዴ ይዤዋለሁ፣ ግን

«ቆይ» አሉ አባባ። «ከመጋረጃው ኋላ ማነው የሚነፋረቀው?»

የሚያብለጨልጭ ጫማ። ሦስት እርምጃ።

«መቅደላዊት!»